ለላም የዘራነው አጃ

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። መምህራችን «ከራሳችሁ ሕይወት የምታውቁትን ጻፉ» ባሉን ጊዜ፣ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ሹመትና ሽረት፣ ስለ ሙግትና ስለ ደም የሚጽፉት አላጡም። እኔ ግን ባስብ ባስብ ከአንዲት ላም በቀር የመጣልኝ የለም። ላሟም ብትሆን የተለየ ነገር አልሠራችም፤ በላች፣ ታለበች፣ ሄደች። ይሁን እንጂ በእርሷ ምክንያት የተናደድኩትን ያህል ከዚያ ወዲህ በምንም ነገር ተናድጄ አላውቅም። አንባቢ ዋጋ የለውም ቢል አልቀየምም።

አገሬ ጋይንት ነው። ሰፈራችን ከንፋስ መውጫ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ሰባተኛ ክፍልን ጨርሰን በተዘጋው ክረምት፣ ከእኛ ደብር የምንማር ሦስት ልጃገረዶች የወተት ላም አያያዝ እንድንማርና ለአገራችን ሰው እንድናስተምር ተመረጥን። የተመረጥነው በጉብዝና አልነበረም፤ ከዚያ ደብር የምንማር ሴቶች እኛ ብቻ ስለነበርን ነው። አንደኛዋ የመሪጌታው ልጅ ናት። ሁለተኛዋ ምላሷ የሚፈራ ረጅም ልጅ ነበረች። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ያስተማረን ከደብረ ታቦር በበቅሎ የሚመጣ ወጣት የእርሻ ሠራተኛ ነበር። ላም በጋውን ታጭዶ በደረቀ ሳር፣ በድርቆሽ፣ እንደምትመገብ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ መጠጣት እንዳለባት፣ ጡቷ ከመታለቡ በፊት ለብ ባለ ውኃ እንደሚታጠብ ነገረን። እኔ ሁሉንም በደብተር ጻፍኩ። በመጨረሻም ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቁና የአጃ ዘር ሰጠን፤ ለሰው ሳይሆን ለላም የሚዘራ አጃ።

እኔ ይህን ትምህርት አጥብቄ የያዝኩት ለአገር ልማት ብዬ ብቻ አልነበረም። እናቴ አንድ ላም ነበረቻት፤ ስትዳር ከአባቷ ቤት፣ ከእስቴ፣ ይዛት ከመጣችው ጊደር የተወለደች። ሁለቱ ታናናሾቼ ያደጉት በእርሷ ወተት ነው። አባቴ ግን ላሟን ለውጠው በሬ ማግኘት ይፈልጉ ነበር።

ይህን ስል አባቴን ለመክሰስ አይደለም። አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው። አንድ በሬ ያለው ሰው ሌላ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ አንድ ቀን የአንዱን መሬት፣ በማግስቱ የሌላውን። የአባቴ ባልንጀራ ግን ዝናብ ጠብ ባለ ቁጥር «መጀመሪያ የእኔን» የሚሉ ሰው ነበሩ። ስለዚህ የእኛ ገብስ ሁልጊዜ ዘግይቶ ተዘርቶ ሁልጊዜ ውርጭ ይመታው ነበር። አባቴ በዚያው ዓመት ላሟን እስከ አርብ ገበያ ከተማ ድረስ ነድተዋት ሄደው ነበር። ገዢው ሁሉ ጎድኗን እየዳሰሰ አለፈ። ከነላሟ ተመለሱ።

«አባባ፣ አንድ ዓመት ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ምን ልታደርጊባት?»

«ላበላት።»

«እስከ ዛሬ ጾሟን ታድር ኖሯል?»

«ወተቷ ሲጨምር ያዩታል። ያን ጊዜ በሬ አይመኙም።»

አባቴ እናቴን አዩ። እናቴ ገብስ እየለቀመች ቀና አላለችም። «ይሁን፤» አሉ፤ «ከጓሮ ያለችውን ቁራጭ መሬት ውሰጂ። የመጪው ዓመት እርሻ ሳይጀመር ግን የዚህችን ላም ነገር እንቆርጣለን።»

እንዲህ በቀላሉ መፍቀዳቸው ደስ አሰኘኝ። ለምን እንደፈቀዱ መጠየቅ ግን አልመጣልኝም።

ስብከታችንን የጀመርነው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ባለው የጽድ ጥላ ሥር ነው። ሰው ይሰማን ነበር። ይህን መካድ አልችልም። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ባይሰማን ኖሮ እንተወው ነበር። የሰፈራችን አለቃ ጭቃ ሹሙ ከሁሉ ፊት ይቀመጡና ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፈው ያዳምጡናል።

«እናንተ ልጆች፣» አሉ አንድ ቀን፤ «ድርቆሹን ሰማን፣ ውኃውን ሰማን። አልጋዋን መቼ ነው የምታነጥፉላት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አልጋውስ ይቅር ጌታው፤» አለች ረጅሟ ጓደኛዬ፤ «የእርስዎ ላሞች መጀመሪያ መቆም ይችሉ።»

በዚህኛው ደግሞ የበለጠ ተሳቀ። ጭቃ ሹሙም አብረው ሳቁ። አንዲት ባልቴት ስለ ጡት ማጠቡ ስንነግራቸው፣ «የኔ ልጆች፣ እኔ ለጥምቀት ለጥምቀት ነው የምታጠብ፤ ላሜ በየቀኑ?» አሉን። ከዚያ ሁሉም ይነሣና ይመርቀናል። ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ፣ ደግ ተናገራችሁ። ምርቃቱ ቢከማች ጎተራ ይሞላ ነበር። ድርቆሽ ያጨደ ሰው ግን አንድም አልነበረም።

አጃውን ሐምሌ ላይ ዘራሁ። ጥሩ በቀለ። ችግሩ አጃ ሲበቅል ቁርጥ ስናርን መምሰሉ ነው። ስናር ማለት በገብስ መካከል የሚበቅል አረም ነው፤ የአገራችን ሰው ክረምቱን ሙሉ ወገቡ እስኪቆረጥ ሲነቅለው ይከርማል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጓሯችንን እያየ ያማትብ ጀመር። «የእነ እገሌ ልጅ ስናር ዘራች» የሚለው ወሬ እስከ ታች ሰፈር ወረደ። የአባቴ የመቀናጆ ባልንጀራ በበራችን ሲያልፉ «ምነው ልጄ፣ ጠላት አነሰን?» ብለውኛል።

አንድ ቀን የሰፈራችን ሴቶች ለእናቴ ገብሷን በደቦ ሊያርሙላት መጡ። እኔ ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ስመለስ የገብሱ አረም አልቆ፣ ሴቶቹ ጓሮ ገብተው ከአጃዬ ግማሹን ነቅለው በክምር በክምር አስቀምጠውታል።

«እናንተ! ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ምን እናድርግ፣» አለች አንዷ ላቧን እየጠረገች፤ «ይህ ቦታ ስናር ጨርሶ ውጦት አገኘነው። ገብሱ የት እንዳለ እንኳ አይታይም። እናትሽን ደስ ይበላት ብለን ነው።»

«ገብስ የለውም! እርሱን ነው የዘራሁት!»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ በእውነተኛ ርኅራኄ፣ «አይዞሽ፣ ለሚመጣው ዓመት ንጹሕ ዘር እሰጥሻለሁ» አለችኝ። ምን እመልስላት? ሲደክሙ የዋሉት ለእኛ ብለው ነው። እናቴ ጠላ ቀዳችላቸው፤ እኔም እንግዳ መቀበል ስለሚገባኝ እያንዳንዷን አመሰገንኩ። ለተነቀለው አጃዬ ምስጋና አቀረብኩ ማለት ነው።

የተረፈው ግማሽ ግን አላሳፈረኝም። ጥቅምት ላይ ሳይደርቅ አጨድኩት፤ ከየዳገቱ ካጨድኩት ሳር ጋር ከመርኩት። ላሟ ኅዳር ላይ ወለደች። ጠዋት አጃ፣ ማታ ድርቆሽ፣ ውኃ ሁለት ጊዜ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ወደ በረት እገባ ነበር። በጥር ወር ጎድኗ አይታይም፤ ጠጉሯ ያብለጨልጫል። ወተቷም እንደጨመረ ከታናናሾቼ ጉንጭ መለየት ይቻል ነበር።

ምን ያህል እንደጨመረ ግን ማወቅ አልቻልኩም። እናቴ ወተት አታስለካም። ወተት ከተለካ ይነጥፋል፤ የሰው ዓይን ካረፈበት ላሟ ትታመማለች። ማለቢያዋን በወይራ አጥና በረት ትገባለች፤ ስትወጣ በነጠላዋ ሸፍናው ነው። እኔ ደብተሬን ይዤ በር ላይ እጠብቃታለሁ።

«እምዬ፣ ዛሬ ስንት ጣሳ ሆነ?»

«እግዜር የሰጠውን።»

«ለእርሻ ሠራተኛው መጻፍ አለብኝ እኮ።»

«እግዜር የሰጠውን ብለሽ ጻፊለት።»

ሌላ የምጽፈው ስላልነበረኝ ይህንኑ ጻፍኩ። እያንዳንዱ መስመር ቀን አለው፤ ከቀኑ ፊት ለፊት «እግዜር የሰጠውን» ይላል። ሠራተኛው ለቁጥጥር በመጣ ጊዜ ደብተሩን ገለጠ፣ ገለጠ፣ ገለጠና ዘጋው። «በቃል የሚሰማ ሕዝብ አይደለም፤» አለን፤ «ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ስትታለብ በዓይኑ ይይ። የተረፈውን ደግሞ ይቅመሰው።»

በሰው ፊት ላም ማለብ በአገራችን ያልተሰማ ነገር ነው። ለእናቴ ለመናገር ሦስት ቀን ፈራሁ። ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። በማግስቱ ግን አባቴ ሞፈራቸውን አውጥተው ሲጠግኑ አየች። ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ፣ «ካዩዋት አባትሽ ይተዋታል ብለሽ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲህ እመቤቴ ትጠብቃት» አለች። ላሟን ለማዳን ስትል የሰውን ዓይን ሁሉ ልትጋፈጥ ተነሣች።

ቀኑን የመረጥነው እኛ ነን። በትክክል መረጥን ብለንም ኮርተን ነበር። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ እሑድ የካቲት 12 ሚካኤል ነው። የእርሻ ሠራተኛው ንፋስ መውጫ የሚቆየው እስከ ማክሰኞ ብቻ ነው። የመሪጌታው ልጅ በጣቷ ቆጥራ «ሰኞ ነጻ ነው» አለች። ለሰኞ ወደ እኛ ደጅ ሰው ጠራን። ሰው ቀምሶ እንዲለይ ብለን ሦስታችንም ከየቤታችን እርጎ አረጋን፣ አይብ አዘጋጀን፣ ቅቤ ናጥን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ወጥተው፣ «ነገ ጾመ ነነዌ ይገባል» ብለው አወጁ።

ሦስታችን ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ማንኛችንም ዞረን አልተያየንም።

ነነዌ ቀኗ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ የምትወጣው በባሕረ ሐሳብ ቁጥር ነው። ያን ቁጥር በአገራችን አጥርተው ከሚያውቁት ዋነኛው የጓደኛችን አባት መሪጌታው ናቸው። ሮጠን ከበብናቸው።

«የኔታ፣ እያወቁ ለምን አልነገሩንም?»

«ምኑን?»

«ነነዌ ነገ መግባቷን! ሰኞ ሰው መጥራታችንን ሰምተዋል እኮ!»

«ሰምቻለሁ፤» አሉ ረጋ ብለው፤ «ይቺ ልጅ ከጉልበቴ ሥር ሆና ባሕረ ሐሳብ ስቆጥር እየሰማች አድጋለች። ነነዌን ረሳች ብዬ እንዴት ልጠርጥር? በነነዌ የጠራችሁት በዘመናዊው ትምህርት አንድ ምክንያት ቢኖረው ነው አልኩ።»

ልጃቸው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ቀኑን እንዳናዛውር ሠራተኛው ማክሰኞ ይሄዳል፤ ማክሰኞም ረቡዕም ያው ነነዌ ነው። «ይምጡ ግድ የለም፤» አሉ መሪጌታው እየሳቁ፤ «ማየት ጾም አያስገድፍም።»

መጡ። ከጠበቅነው በላይ መጡ። የሚበላም የሚጠጣም እንደሌለ እያወቁ የመጡት ሦስት የተማሩ ልጃገረዶች በነነዌ እርጎ ሲያቀርቡ ለማየት ነው። ጭቃ ሹሙ እንደ ልማዳቸው ከፊት ተቀመጡ። «እንግዲህ፣» አሉ፤ «ማዕዱ የታለ?»

«ማዕዱ ለሐሙስ ነው ጌታው» አለች ረጅሟ።

«ሐሙስ ድረስ እዚሁ ልደር?»

የእርሻ ሠራተኛው ንግግሩን ቀጠለ። ስለ ንጽሕና ሲያስረዳ አንድ ዋንጫ ወተት አነሣና ሳያስበው ወደ አፉ አስጠጋ። «ኧረ! ኧረ ነነዌ ነው!» ብሎ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ ጮኸ። ዋንጫው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። የዚያን ጊዜ ወደ ቤት ገብቼ በሩን ልዘጋ አስቤ ነበር።

ከዚያ እናቴ ላሟን እየሳበች ወጣች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። ባልቴቶቹ «ቱ! ቱ! ከዓይን ያውጣሽ» አሉ። እናቴ አማተበች፣ የላሟን ጡት ባስተማርኳት መሠረት አጠበች፣ ጥጃውን ጥቂት አጥብታ አስነሣችና ማለብ ጀመረች። ማለቢያው ሞላ። እናቴ ቀና ብላ ሌላ ጠየቀች። ሌላ ማለቢያ! እኛ ሌላ አላዘጋጀንም ነበር፤ የመሪጌታው ልጅ ከጎረቤት ማለቢያ ይዛ ሮጣ መጣች። ከሁለተኛውም አጋመሰች። የአገራችን ላም እንዲህ ስትታለብ በዚያ ከተሰበሰበው ሰው ያየ አልነበረም። ወተቱን ማንም አልቀመሰም፤ ግን ሁሉም ዓይኑን ከአረፋው ላይ መንቀል አቃተው።

ጭቃ ሹሙ ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልቀለዱም። ሲነሡ ላሟን ዞረው አዩዋት፤ ወገቧን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። አባቴ ደግሞ እሳቸውን ያዩ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ «ገባቸው፣ በመጨረሻ ገባቸው» እያልኩ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሁለት ወር ያህል ወተቱ ሁሉ ቅቤ ሆነ። ትንሣኤ ሲሆን በቤታችን የወተትና የእርጎ እጥረት አልነበረም። አባቴም ጠጡ። «ልጄ፣ እውነትሽን ነበር» አሉኝ። ላሟ ዳነች ብዬ አመንኩ። እናቴም እንዳመነች አውቃለሁ፤ ለጥጃው አዲስ ገመድ ስትፈትል አይቻታለሁና።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ጭቃ ሹሙ መሪጌታውን አስከትለው ቤታችን መጡ። ቁጭ ካሉ በኋላ ነገሩን አላስረዘሙም። አራት በሬዎች አሏቸው፤ ከአራቱ ቀዩን፣ ጠንካራውን፣ ላሟን ከነጥጃዋ ቢያገኙ ይለውጣሉ።

«አባባ!» አልኩ ሳልጠራ ተነሥቼ፤ «ወተቷን አይተዋል እኮ! እውነትሽን ነው ብለውኛል!»

«አይቻለሁ» አሉ አባቴ። ቁጣ አልነበራቸውም። «አምና አርብ ገበያ ማን ዞር ብሎ አያት? አሁን እንዲህ ያለ በሬ የሚያመጣልን አንቺ ያበላሻት አጃ ነው። ለዚህ አይደል አንድ ዓመት የሰጠሁሽ?»

ለዚህ ነበር። እውነት ነው፣ ሌላ ነገር ቃል አልገቡልኝም። አንድ ዓመት ሙሉ ላሟን ለማስቀረት የለፋሁ መስሎኝ ለበሬ ሳደልባት ከርሜያለሁ።

አባቴ ወደ እናቴ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» «ገብሱ ውርጭ ሲመታው ያየሁት እኔም ነኝ፤» አለች እናቴ፤ «እኔ እምቢ ብል፣ ሐምሌ ላይ ልጆቹ ሲርባቸው ማንን እወቅሳለሁ? ውሰዷት።»

በማግስቱ የጭቃ ሹሙ ሚስት ላሟን ልትወስድ መጣች። እናቴ ገመዱን ያዘች እንጂ ቶሎ አልሰጠቻትም። «ውኃ ጠዋትና ማታ፤» አለቻት፤ «ሩቅ አታሰማሯት። ድርቆሹ ዝናብ እንዳይነካው። ስትታለብ ጡቷን ለብ ባለ ውኃ ነው፤ ቀዝቃዛ አይሆንላትም።» ከደብተሬ ያነበበችው ይመስል አንድም ቃል አላጎደለችም። ዓመቱን ሙሉ ስነግራት ሰምታኝ እንደሁ እንኳ አላውቅም ነበር። የጭቃ ሹሙ ሚስት ራሷን እየነቀነቀች «አጃውንስ መቼ ነው የምንዘራው?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ነገርኳት። ምን ላድርግ፣ ማስተማር ሥራዬ ነው።

አባቴ ቀዩን በሬ ከራሳቸው በሬ ጋር ጠምደው ወደ ማሳ ሲወርዱ ትከሻዬን መታ አድርገው «አንቺ ባትኖሪ ይህን በሬ አላገኘውም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ከልባቸው ነው የተናገሩት። በዚያ ዓመት ከሰማሁት ስድብና ቀልድ ሁሉ እንደዚያ ምስጋና ያንገበገበኝ የለም።

ጭቃ ሹሙ በቀጣዩ ክረምት ሰፊ ማሳ አጃ ዘሩ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ፤ ስናር ነው የሚል ጠፋ። የእርሻ ሠራተኛውም የእኛ ደብር ትምህርቱን በሚገባ ከተቀበሉት አንዱ እንደሆነ በሪፖርቱ መጻፉን ነግሮን፣ ሦስታችንንም አመስግኖናል። ሪፖርቱ ሐሰት አይደለም። በእናቴ ቤት ግን የወተቱ ነገር ያለቀው ሰኞ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው።